የእንግሊዝ ድሃ እንዴት ሰነበተ?

የአያ ልየውን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ዳንግላ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ ወደ ቆሰበር የሚወስደው መንገድም ለቀናት ተዘግቷል። በተከፈተ ማግስት አንዲት የአገራችን ሴት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ የተከራየሁበትን ግቢ በር አንኳኳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በእነዚህ ዓመታት ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በር ላይ ሲቆም፣ ስም እስኪጠራ ድረስ ሰው በልቡ ዘመዶቹን አንድ በአንድ ይቀብራል። እኔም ወንድሜን አስማረን ቀበርኩት።

"አያ ልየው አረፉ" አለችኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ አልደብቅም። ወንድሜ አይደለም። እፎይታው ግን ወሬዋን እስክትጨርስ እንኳ አልቆየም።

"ምን አገኛቸው?"

"ውጋት ነው አሉ። ቦይ ሲቆፍሩ ዝናብ መታቸው። ሁለት ቀን ተኝተው፣ በሦስተኛው..."

ቦይ ስትል በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ያ ቦይ ለምን እንደተቆፈረና ማን ሊያግዛቸው ይገባ እንደነበር አውቃለሁ።

አያ ልየው የዘንገና አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ ጎረቤታችን። ማሳቸው ከእናታችን ማሳ በታች ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ መሬቱን የሚያርሰው አስማረ ነው። በእኛ ላይ የዘነበው ዝናብ በእሳቸው በኩል ነው የሚወርደው። ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ፈሪ ነበሩ። ለመስደብ አይደለም የምለው፤ ራሳቸውም ሳይጠየቁ ይናገሩት ነበር። ወንድ በፈረሱ በሚጠራበት አገር ቁልቁለት ሲደርሱ ከፈረሳቸው ወርደው፣ ልጓሙን ይዘው፣ በአገው ቋንቋ፣ በአውኚ እያባበሉት በእግራቸው ይወርዳሉ። ከደነገጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል። ጎረምሶች "ፈሪ ለእናቱ" እያሉ ሲያበሽቋቸው፣ "እናቴማ ሞታለች፤ እኔ የምፈራው ለድንቼ ነው" ይላሉ። ሌላ ሰው ደግሞ "አያ ልየው፣ የፈሩት ይደርሳል" ቢላቸው፣ "ይደርሳል። ያልፈሩት ግን ቀድሞ ይደርሳል" ብለው ይመልሳሉ። ሳይስቁ ነው የሚሉት። እኛ ነበርን የምንስቀው።

በኮታቸው የውስጥ ኪስ፣ በመሐረብ የተጠቀለለች አንዲት የሻይ ብርጭቆ ነበረች። ድሮ ማኅበራችን የድንች ዘር ማባዛት ሲጀምር፣ ሥልጠና ላይ አንድ ባለሙያ አጠውልግ የሚባለውን በሽታ እንዴት እንደሚለዩ አሳያቸው። ያጠራጠረውን ድንች ግንዱን ከሥሩ አጠገብ መቁረጥ፣ ጫፉን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ማንጠልጠል፣ ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅ። ከታመመ ከተቆረጠው ጫፍ ነጭ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ቁልቁል ይወርዳል። ጤነኛ ከሆነ ውሃው እንደነበረ ይሆናል። ሌሎቹ ሠልጣኞች አበላቸውን ተቀብለው ሲሄዱ አያ ልየው ያቺን ብርጭቆ ገዝተው ተመለሱ። አጠውልግ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ያ አፈር ለዓመታት ድንች አያበቅልም ብሎ የነገራቸውን ሰው ቃል እንደ ግዝት ያዙት።

በሽታው በዘር ብቻ ሳይሆን በጎርፍም፣ በማረሻም፣ ጭቃ በያዘ እግርም እንደሚመጣ ስለተነገራቸው፣ ማሳቸው መግቢያ ላይ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ በሳፋ አስቀመጡ። ሳይታጠብ የሚያልፍ የለም። ቄሱም ታጠቡ። የቀበሌው ሊቀመንበርም እያጉረመረመ ታጠበ።

አስማረ ሲያገባ አጃቢው በፈረስ ሆኖ ሙሽሪትን ይዞ የሚመጣው በእሳቸው ማሳ ዳር ባለችው ጠባብ መንገድ ነበር። ከበሮው እየተመታ፣ ፈረሶቹ በዝምዝማትና በጉትዬ አጊጠው ሲደርሱ፣ አያ ልየው ሳፋቸውን ታቅፈው መንገዱ መሐል ቆመዋል።

"ሰኮናቸው ይታጠብ" አሉ።

ከበሮው ቆመ። አንደኛው ሚዜ አለንጋውን ከፍ አደረገ። "ዞር ይበሉ አያ፤ የሠርግ ፈረስ ነው" አላቸው።

"አውቃለሁ ልጄ። በየት በየት እንደመጣ ግን አላውቅም።"

እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየሁት፤ በረኪናው ኮታቸው ላይ ይፈሳል። እየተንቀጠቀጡ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ፈረስ እግር አነሡ። ከዚያ የሁለተኛውን። የሙሽሪትን በቅሎ ሲደርሱ "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፤ ይቅር በይኝ" አሏት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አስማረ ግን አልሳቀም። ሠርጉ መሐል መንገድ ቆሞ እንደ ከብት መታጠቡን እንደ ንቀት ቆጠረው፤ ለዓመታትም አልረሳውም። እኔም በዚያን ቀን ያፈርኩት በአያ ልየው ነበር። አለንጋ ፊት ቆሞ እየተንቀጠቀጠ የሚያጥብን ሰው ፈሪ ብለን መጥራታችን አላስገረመኝም።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልግባ።

የእኛ ቀበሌ ማኅበር ከሌሎች ማኅበራት ጋር በአንድ ዩኒየን ሥር ነበር። ዩኒየኑ ዘሩን ያስመረምራል፤ ማሳ ላይ ባለሙያ ይልካል፤ ሲደርስም ሰብስቦ ይሸጣል። ችግር አልነበረበትም ልል አልችልም። መኪናው ይዘገያል፤ ድንቹ መጋዘን ውስጥ ያጎነቁላል። ከከተማ የሚመጡት ሰዎች ገበሬውን ቆመው ነው የሚያናግሩት። ለማን እንሽጥ፣ መቼ እንሽጥ የሚለውን ሌላ ሰው ይወስንላቸው ነበር። ይህ ያንገበግባቸው ነበር፤ ያንገበግባልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ሳለ፣ ከዩኒየኑ እንውጣ አንውጣ የሚል ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ምናለ ንግግር የሚያምርበት ሰው ነው። "ድር ቢያብር እያሉ ስንቱን ዘመን አሰሩን" ብሎ ጀመረና ወደ ሬዲዮ ወሬ ገባ። "አገር እንኳ ከማኅበር ይወጣል። እንግሊዝ ከአውሮፓ የጋራ ገበያ ወጥታ የለም እንዴ? ምን ሆነች? ይኸው መምህርት እዚህ ናት፤ ትንገረን። ከወጡ ወዲህ ሕዝቡ ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ?"

ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስለ እንግሊዝ የማውቀው ካርታ ላይ በጣቴ ማሳየት ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ገበያዋን አላውቅም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው፤ "መምህርት" ብለው መሐላቸው አስቀምጠውኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ማለት እንደ መራቆት ሆኖ ታየኝ፤ ፈራሁ። ፈሪ ስል የኖርኩት ሌላ ሰው፣ ፈሪዋ እኔ።

"ሰማይ አልተደፋባቸውም" አልኩ። "በራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው እየወሰኑ ነው።"

ተጨበጨበ። አያ ልየው ከኋላ ተነሡ።

"እንግሊዝ ውስጥ ድንች ቆፋሪ አለ ልጄ?"

"አለ አያ።"

"እሱ ምን አገኘ? ሄዶ የጠየቀው አለ?"

"በጊዜ ብዛት እሱም ይጠቀማል" አልኩ።

"በጊዜ ብዛት" አሉ፤ ቃሉን እንደ ተጠረጠረ ድንች እያገላበጡ። ከዚያ ተቀመጡ።

እጅ ሲወጣ፣ አንውጣ ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንዲት ደረቅ እጅ፣ ከኋላ፣ እየተንቀጠቀጠች።

ዳንግላ ስመለስ ኅሊናዬ አላስተኛኝም፤ ማንበብ ጀመርኩ። አያ ልየውም ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር ጤናዬን ሳይጠይቁ፣ ኮፍያቸውን አንሥተው፣ "የእንግሊዝ ድሃ እንዴት ሰነበተ?" ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ እየነኩኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። አይተውት ስለማያውቁት አገር ድሃ ይጨነቁ ነበር።

ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ። ዓሣ አጥማጆች ባሕራችን ይመለስልናል ብለው መውጣቱን እንደደገፉ፣ ከወጡ በኋላ ግን የያዙትን ዓሣ የሚገዛቸው ያው የተዉት ገበያ ስለሆነ ድንበር ላይ በወረቀት ብዛት እንደተጉላሉ ነገርኳቸው። አሰቡና "ዓሣና ድንች ወረቀት አይጠብቁም" አሉ። ከሌላ አገር እየመጡ ማሳ ላይ የሚለቅሙ ሠራተኞች እንዳነሱ ስነግራቸው ደግሞ፣ "ታዲያ ማን ለቀመው?" ብለው መልሱን እስክፈልግ ሳምንት ጠበቁኝ። ተጎድተናል ከሚሉት ጋር፣ አይ፣ ሕጋችንን ራሳችን ማውጣታችን ይበልጣል የሚሉም እንዳሉ ነገርኳቸው። በዚህ ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

"እሱ ቀላል ነገር አይደለም" አሉኝ። "በራስ ማሳ ላይ መወሰን ያምራል። ምናለ የተናገረው ሐሰት አልነበረም። የፈራሁት መውጣቱን አይደለም፤ ስንወጣ ብርጭቆዋን ማን ይይዛታል ብዬ ነው።"

የመጀመሪያው ዓመት የደስታ ነበር። ነጋዴዎች አይሱዙ እየነዱ ማሳ ዳር ድረስ ገቡ። አስማረ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ለሚስቱ ስልክ ገዛ። ከመውጣታችን የተጠቀመ ሰው አለ ወይ ብትሉኝ አለ፤ ወንድሜ ነው። ለእሱ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ቆርቆሮውን ሳይ ደስ ይለኛል። "አያ፣ ዩኒየንዎ እንዴት ናት?" እያሉ ጎረምሶች በአያ ልየው ያሾፉ ነበር። እሳቸው ግን ሳፋቸውን ሞልተው መግቢያው ላይ ያስቀምጣሉ።

ከዚያ ግጭቱ መጣ፤ መንገድ መዘጋት ጀመረ። ሁላችንም ያን ጊዜ ፈሪዎች ሆንን። ስልክ ሲጮህ እንፈራለን፤ ሳይጮህ ሲውል የባሰ እንፈራለን። ነጋዴው አልመጣም፤ ድንቹ በየመጋዘኑ አጎነቆለና በሰበሰ፤ ለዘር ያሉትንም በሉት። የመትከያው ጊዜ ሲደርስ ብዙው ቤት ዘር አልነበረውም። መንገዱ ትንሽ በተከፈተበት ሰሞን አንድ ነጋዴ ከሩቅ ያመጣውን ዘር አራገፈ። ትልልቅ፣ ቆዳው የሚያበራ ድንች። ማን እንዳበዛው፣ ከየት አፈር እንደወጣ የጠየቀ የለም። የሚጠይቀውን ትተን ወጥተናልና።

አያ ልየው ቢላቸውን ይዘው ወደ አስማረ ክምር ሄዱ። ግንድ ገና የለውምና ሦስት ድንች ቆርጠው ውስጡን መረመሩ፤ ምንም አላዩም። "ሦስት አይበቃም፤ ሌላ ልቁረጥ" አሉ። አስማረ ሳቀባቸው። "ዘሬን ሁሉ ወጥ ሊሠሩበት ነው አያ? አሁን እንደ እንግሊዝ ነን፤ በላያችን የሚያዝ የለም" አላቸው። ያችን የእንግሊዝ ወሬ ጉባኤው ውስጥ ያስገባት ምናለ ቢሆንም ማኅተም ያደረግሁባት እኔ ነኝ። አያ ልየው ቢላቸውን ጠርገው ተመለሱና የራሳቸውን ከዓምና የቆየ ትናንሽ ዘር ተከሉ።

ሰኔ ላይ፣ ፈተና እያረምን ሳለ ዘበኛው መጥቶ "እንግዳ አለሽ" አለኝ። አያ ልየው ከመናኸሪያ ባመጣቸው ጋሪ ላይ እንደተቀመጡ ከትምህርት ቤቱ በር ደርሰዋል፤ ሁለት እጃቸው የጋሪውን እንጨት አንቆ ይዟል። መኪና የሚፈሩ ሰው፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጊዜ፣ ከዘንገና ዳንግላ ድረስ በሚኒባስ መጥተዋል። ስወጣ ኮፍያቸውን አላነሡም፤ ስለ እንግሊዝም አልጠየቁኝም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

መምህራን ማረፊያ አስገባኋቸው። ከኮታቸው በረጠበ ጨርቅ የተጠቀለለ የድንች ግንድ አወጡ፤ ከዚያ ብርጭቆዋን። ውሃ ቀዳሁላቸው። የግንዱን ጫፍ በቢላ እንደገና ቆርጠው፣ በሁለት ጣት ይዘው ውሃው ውስጥ አንጠለጠሉት።

"የማን ነው?" አልኳቸው።

"የአስማረ። ሳላስፈቅድ ነው የቆረጥኩት፤ ሌባ ሆኛለሁ። ዝም ብለሽ እዪ።"

አየሁ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። እኔም ምንም አይደለም ልል አፌን ስከፍት ከግንዱ ጫፍ ቀጭን ነጭ ክር ወጥታ፣ ቀስ ብላ፣ ቀጥ ብላ ወደ ብርጭቆዋ ሥር ወረደች። ከዚያ ሌላ። አያ ልየው በአውኚ የሆነ ነገር አሉ። እጃቸው መንቀጥቀጡን ያቆመበትን ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ማሳው አልቋል" አሉ። "የእሱን ማዳን አይቻልም። ክረምቱ ሲገፋ ግን ጎርፉ ወደ እኔ ይወርዳል። ቀበሌው ውስጥ ንጹሕ ዘር ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው ልጄ። እሱ ከሄደ ለከርሞ የሚተከል የለም። ከአስማረ ማሳ ግርጌ፣ ከዳር እዳር ቦይ መቆፈር አለበት። በእሱ መሬት ነው፤ እምቢ አለኝ። የሠርጉን ቀን አነሣብኝ። አንቺን ይሰማል። ነይና ንገሪው።"

"እመጣለሁ" አልኩ።

"መቼ?"

መስኮቱን አየሁ። በዚያ ሳምንት መንገዱ ላይ የሆነውን ሰምቼ ነበር፤ ሁላችንም ሰምተናል። "ፈተናው ይለቅ፤ በሚቀጥለው ሳምንት" አልኳቸው።

ፊቴን አዩት። ፈሪ ፈሪን ያውቃል። ብርጭቆዋን ሦስት ጊዜ አጥበው በመሐረቡ ጠቀለሉ። ሲነሡ ነው የጠየቁኝ፤ በዚህ ጊዜ በቀስታ።

"የእንግሊዝ ድሃስ? ተጠቀመ?"

"አላውቅም አያ" አልኳቸው። "ስንት አነበብኩ፤ ብዙዎቹ ከጥቅሙ ጉዳቱ አመዘነ ይላሉ። የተጠቀመም አይጠፋም። እርግጡን አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር።"

"ያኔ እንዲህ ብትይ ኖሮ" አሉ፤ ጨርሶም አልተቆጡም። "አላውቅም ብትይን ኖሮ ሰዉ ይፈራ ነበር። ትንሽ ፍርሃት ይበቃን ነበር።"

ጋሪው ላይ ደግፌ አወጣኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አልሄድኩም። በሚቀጥለውም። መጀመሪያ ፈተናው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ ዝናቡ። ለአስማረ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም፤ የለም በመባሉ በልቤ ደስ ብሎኝ እንደነበርም ልናገር። ወንድሜን ተሳስተሃል ማለት፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ ማለት ነውና። እኔ ሰበብ ስቆጥር እሳቸው አስማረን መለመን ትተው፣ በራሳቸው መሬት ጫፍ ላይ፣ የላይኛውን መስመር ድንች ነቅለው፣ በሐምሌ ዝናብ ብቻቸውን ቆፈሩ።

መርዶው በደረሰኝ ማግስት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። ቆሰበር ወርጄ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። ለቅሶ ደርሼ አልቅሼ ስጨርስ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ወደ ጓዳ ጠራችኝና የተጠቀለለ መሐረብ እጄ ላይ አስቀመጠች።

"እንዳትሰበር ሲፈሩላት ነው የኖሩት" አለችኝ። "'መምህሯ ከመጣች ስጫት' ብለው ነው የሞቱት። ካልመጣችስ ብላቸው 'ትመጣለች፤ ፈርታ ነው እንጂ' አሉኝ።"

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ማሳው ወረድን። እትዬ ብርቄ፣ አቶ ምናለ፣ እኔ። አስማረ በላይ በኩል፣ የራሱ የጠወለገ ድንች መሐል ቆሞ ያየን ነበር፤ ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ሳፋው እንደተሞላ መግቢያው ላይ አለ፤ እትዬ ብርቄ በለቅሶዋም መሐል በረኪናውን ስትለውጥ ሰንብታለች። ታጥቤ ገባሁ። ማንም እጠቢ አላለኝም።

ቦዩ ከቀኝ ዳር ተነሥቶ የማሳውን ስፋት ከሦስት ሁለት እጅ ያህል አቋርጧል። ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ፣ አፈሩ በታችኛው ጎን ተደልድሎ የተጠቀጠቀ። ከዚያ ያቆማል። ያቆመበት ላይ ዶማው እንደተሰካ ነው፤ ለማንሣት የደፈረ የለም።

ቦዩ ካለበት ሥር አንድ ግንድ ቆርጬ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩ። ጠበቅን። ውሃው አልተለወጠም። ሌላ ቆረጥኩ፤ ያም እንዲሁ። ምናለ "ተመስገን" ማለት ጀመረ። ዶማው ከተሰካበት አለፍ ብዬ ሦስተኛውን ቆረጥኩ። ድንቹ ለዐይን ከሌላው አይለይም፤ ለምለም ነው። ብርጭቆዋን ወደ ሰማዩ ብርሃን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ክሯ ወረደች።

ስለዚህ በዐይናችን አየነው። የአያ ልየው ዶማ የደረሰበት ድረስ ንጹሕ ነው፤ ካቆሙበት ወዲያ ታሟል። እንደ ተሰመረ። እኔ የቀረሁባቸው ሳምንታት ስፋታቸው ይህን ያህል ነው።

እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ምናለ ብርጭቆዋን አየ፤ ቦዩን አየ። ዛሬ እንደ ጉባኤው ቀን አይደለም፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"እንግዲህ መምህርት" አለኝ። "ከዩኒየኑ ባንወጣ ይህ አይመጣም ነበር?"

እንደዚያ ቀን ዐይን ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ፤ የአስማረም ከላይ። አሁንም የሚያምር ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"አላውቅም" አልኩ። "ዘሩ ማንም ሳያየው ገባ፤ ይህን አውቃለሁ። ዩኒየኑ ቢኖር ያየው ነበር ይሆናል፤ መንገዱ ተዘግቶ እሱም ላይደርስ ይችል ነበር። አላውቅም። የእንግሊዝንም አላውቅም ነበር፤ አውቃለሁ ብዬ ግን እጃችሁን አስወጣሁ። ዛሬ የማውቀው፣ ቦዩ ከዚህ ታጥፎ፣ የታመመውን ከጤነኛው ለይቶ ወደ ታች ካልወረደ የቀረውም ዘር እንደሚሄድ ነው። ወደ ዩኒየኑ እንመለስም ብንል ይዘን የምንሄደው ይህንኑ ዘር ነው።"

ሰማዩ በአገው ምድር ተራሮች በኩል እንደገና እየጠቆረ ነበር።

አስማረ ንግግሩን ከላይ ሰምቷል። ቁልቁል ወረደ። ፊቱን ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ ሊያለቅስ ነው ወይም ሊቆጣ፣ መለየት አልቻልኩም፤ ፈራሁት። ማሳው መግቢያ ደረሰ፤ ዐይኑ የተሰካው ዶማ ላይ ነው። ጭቃ የለበሰ እግሩን አንሥቶ ሊገባ ሲል ድምፄ ቀድሞኝ ወጣ።

"እግርህን ታጠብ።"

ቆመ። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ብርጭቆዋ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለታችንም ከበሮ የቆመበትን ያን ቀን አሰብን፤ እሱም እንዳሰበ ከዐይኑ ለየሁት። ከዚያ ወንድሜ ሳፋው አጠገብ ጎንበስ አለ፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን እግሩን አጠበ። ሲጨርስ ቀና ብሎ እንደ ልጅ "ይበቃል?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት። "ድገመው።"

ደገመው።